አካውንቱ ሌላ፣ ገንዘቡ ሌላ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት በኦንላይን ገበያ ዕቃ ከሚሸጡ አንባቢያን የመጡ ናቸው። ጉዳዩ አንድ ነው፤ አካውንት ታገደ፣ ገንዘብ ተያዘ። የጠያቂዎቹንም ሆነ ቅሬታ የቀረበባቸውን ገበያዎች ስም አናትምም። በይፋ የታወቁ ደንቦችን ለምሳሌ ስናነሳ ግን በስማቸው እንጠራቸዋለን። ደንብ ይለወጣልና ቁጥሮቹን ከየአካውንታችሁ ገጽ ጋር አመሳክሩ።

ጥያቄ፦ አካውንቴ ከታገደ አምስተኛ ቀኑ ነው። የደረሰኝ መልእክት «አፈጻጸምዎ ከሚፈለገው በታች ነው» ይላል እንጂ ማብራሪያ የለውም። ሦስት ጊዜ ይግባኝ ላክሁ፤ ሦስቱም በአንድ ዓይነት መልስ ተመለሱ። በሐቀኝነት የምሠራ ሰው እንደሆንኩ፣ ልጆች የማሳድገውም በዚሁ ገቢ እንደሆነ ጽፌላቸዋለሁ። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ አራተኛውን ለጊዜው ያቆዩት። ይግባኙን የሚያነበው ሠራተኛ የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ችግሩ ከየት መጣ፣ ለደረሰው ጉዳት ምን ተደረገ፣ ዳግም እንዳይደርስ ምን ተለወጠ። ስለ ልጆችዎ የጻፉት እውነት ነው፤ ግን ከሦስቱ በአንዱም ሥር አይገባም። አንባቢው በቀን ብዙ ይግባኝ ያያልና ቦታ የሌለው አንቀጽ ቦታ ያለውን ይሸፍንበታል።

ስለዚህ ከመጻፍ በፊት ማንበብ ነው። አካውንት ሲታገድ መሸጥ ይቆማል እንጂ ገብቶ ማየት አብዛኛውን ጊዜ አይከለከልም። የአካውንት ጤንነት የሚባለውን ገጽ ይክፈቱና የትኛው ቁጥር እንደቀላ ይዩ። በአማዞን በ60 ቀን ውስጥ ጉድለት የታየባቸው ትዕዛዞች ከ1 በመቶ በታች መሆን አለባቸው፤ ጉድለት የሚባሉት ዝቅተኛ ነጥብ ያለው አስተያየት፣ የገዢ ዋስትና ጥያቄ (ገዢው በገበያው ዋስትና ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚያቀርበው) እና የካርድ ክፍያ ክርክር ናቸው። ዘግይቶ የተላከ ከ4 በመቶ በታች፣ ሻጩ ከመላኩ በፊት የሰረዘው ከ2.5 በመቶ በታች፣ የሚሠራ ትራኪንግ ቁጥር (የጥቅሉ መከታተያ) ያለው ደግሞ ከ95 በመቶ በላይ እንዲሆን ይጠበቃል። ኢቤይ ላይ የጉድለት ጣሪያው 2 በመቶ ነው፤ ሻጩ ሳይፈታቸው ገበያው የዘጋቸው ክርክሮች ግን ከ0.3 በመቶ እንዲያልፉ አይፈቀድም።

በመቶኛ መለካቱ የሚጎዳው ትንሹን ሻጭ ነው። በ60 ቀን 150 ትዕዛዝ ብቻ ያለው ሰው ሁለቱ ከተበላሹበት 1.3 በመቶ ላይ ነው፤ 5,000 የሚሸጠው በሁለት ትዕዛዝ አይነቃነቅም። ፍትሐዊ አይመስልም፤ ቢሆንም ለይግባኝዎ ጥቅም አለው። ሁለቱን ትዕዛዞች በቁጥራቸው ጠርተው እያንዳንዱ ላይ ምን እንደሆነ መናገር ይችላሉ፤ 5,000 ያለው ይህን አይችልም።

አሁን ወደ ጽሑፉ። «ሠራተኛ ታሞብኝ ዘገየሁ» ምክንያት ይመስላል እንጂ ሥሩ አይደለም። ሥሩ እንዲህ ያለ ነው፦ «ዓርብ ከሰዓት የገቡትን ትዕዛዞች ቅዳሜ እናሽጋለን፤ አጓጓዡ ስካን የሚያደርጋቸው ግን ሰኞ ነው። በአካውንታችን ላይ የማዘጋጃ ጊዜው 1 ቀን ተብሎ ተሞልቶ ስለነበር 11 ትዕዛዞች ዘገዩ።» ይህን ያነበበ ሰው ይገባዋል፤ መፍትሔውንም ራሱ ይጠብቃል። መፍትሔውን በኃላፊ ጊዜ ይጻፉት፦ የማዘጋጃ ጊዜውን በዚህ ቀን ወደ 3 ቀን ቀይረናል፣ ለ11ዱም ገዢዎች የመላኪያ ሂሳባቸውን መልሰናል፣ ከአጓጓዡ ጋር የቅዳሜ መረከቢያ ሰዓት ይዘናል። «እንጠነቀቃለን»፣ «እናሻሽላለን» የሚሉ ቃላት ማስረጃ ሊያያዝባቸው አይችልምና ይውጡ። ጠቅላላው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ገዢን መውቀስ፣ ከሌላ ሻጭ ጋር ራስን ማወዳደር፣ ከኢንተርኔት የተገለበጠ ናሙና መላክ ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ፤ ናሙናው በተለይ፣ አንባቢው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጠዋትም አይቶታል።

ይግባኙ ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ ደግመው አይላኩ። በመልሱ ውስጥ «ተጨማሪ መረጃ ያስፈልጋል» የሚል ካለ ከሦስቱ ክፍሎች አንዱ ሳስቷል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው። አዲስ ሐቅ ሳይኖር የሚላክ ይግባኝ ወረፋ ከማራዘም በቀር የሚሠራው የለም።

ጥያቄ፦ አካውንቴ ሲዘጋ ባላንሴ ላይ የነበረው ገንዘብ ለ90 ቀን ይያዛል ተባልኩ። 90 ቀኑ ካለፈ ሳምንት ሆነ፤ ገንዘቡ ግን እንደተያዘ ነው። ዕቃውን ልኬያለሁ፣ ገዢዎች ተቀብለዋል። የኔ ገንዘብ አይደለም ወይ?

መልስ፦ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሻጮች የሚሳሳቱት አካውንቱንና ገንዘቡን በአንድ ደብዳቤ ስለሚጠይቁ ነው። አካውንቱ የሚታየው «ይህ ሰው እንደገና ይሽጥ ወይ?» በሚል ጥያቄ ነው። ገንዘቡ የሚታየው ደግሞ «ገዢ ነገ ገንዘቤን መልሱ ቢል ከየት እንከፍላለን?» በሚለው ነው። አካውንቱ ለዘለቄታው ተዘግቶ ገንዘቡ ሊለቀቅ ይችላል፤ ይህ በየጊዜው የሚሆን ነገር ነው።

90 የሚለው ቁጥር ዝም ብሎ አልመጣም። በአማዞን የገዢ ዋስትና መሠረት ገዢ ከመጨረሻው የመድረሻ ቀን ጀምሮ እስከ 90 ቀን ድረስ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ገዢው በካርዱ የከፈለውን በባንኩ በኩል የሚያስመልስበት ቻርጅባክ ከዚያም ይረዝማል፤ በቪዛና በማስተርካርድ በአብዛኛው የክርክር ዓይነት 120 ቀን ነው። የክፍያ አገልግሎቱ ፔይፓል ገደብ በተጣለበት አካውንት ውስጥ ያለን ገንዘብ እስከ 180 ቀን ሊይዝ የሚችለው በዚሁ ስሌት ነው። የሚሠራ ሱቅ የዛሬውን ተመላሽ ከነገ ሽያጩ ይሸፍናል፤ የተዘጋ ሱቅ ነገ ሽያጭ የለውም። ስለዚህ ገበያው ባላንሱን እንደ መያዣ ያየዋል።

በዚህ ላይ ሦስት ዓይነት መያዝ እንዳለ ይለዩ። አንደኛው የማንኛውም ንቁ ሻጭ ነው፤ አማዞን የአንድን ትዕዛዝ ገንዘብ ዕቃው ከደረሰ በኋላ 7 ቀን እስኪያልፍ ያቆየዋል። የመድረሻ መረጃ የሌለው ትዕዛዝ የሚቆጠረው በግምት ቀን ስለሆነ ይዘገያል። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ትራኪንግ ያለው አጓጓዥ በመጠቀም ብቻ ይቀንሳል። የባንክ ቁጥር ሲቀየር የሚመጣው የ3 ቀን መዘግየትም ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው እርስዎ ያሉበት፣ ከመዘጋት በኋላ የሚመጣው ነው። ሦስተኛው ከባዱ ነው፦ ገበያው ሐሰተኛ ዕቃ ተሽጧል፣ ማጭበርበር ተፈጽሟል ወይም ሕግ ተጥሷል ብሎ ካመነ በውሉ መሠረት ገንዘቡን ጨርሶ ላለመክፈል ሊወስን ይችላል።

90 ቀን ሞልቶ ዝም ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቀኑ ከየት እንደተቆጠረ ነው። የመዝጊያ ማስታወቂያውን ያውጡና መነሻውን ያንብቡ። ቀጥሎ ያልተዘጋ የገዢ ጥያቄ ወይም ቻርጅባክ እንዳለ ይዩ፤ አንድ እንኳ ክፍት ሆኖ ሊያስይዝ ይችላል። ከዚያ ሂሳቡን ራስዎ ይሥሩት። በአካውንቱ ላይ ካለው የክፍያ ሪፖርት የመዝጊያውን ዕለት ባላንስ ይውሰዱ፤ ለምሳሌ 4,200 ዶላር ይሁን። ከዚያ ወዲህ 310 ተመላሽ፣ 95 ቻርጅባክ፣ 120 የመጋዘን ክፍያ ወጥቶ ከሆነ የሚጠይቁት 3,675 ነው እንጂ 4,200 አይደለም። የተጋነነ ቁጥር የጻፈ ሰው ከመጀመሪያው መስመር አመኔታ ያጣል።

ጥያቄውን ከይግባኙ ለይተው፣ «የተያዘ ክፍያ ይለቀቅልኝ» ብለው ብቻ ይላኩ። የሚያያዙት የመታወቂያ ወይም የፓስፖርት ቅጂ፣ ከመዘጋቱ በፊት የነበሩት የመጨረሻ 30 ቀን ትዕዛዞች ከነትራኪንግ ቁጥራቸውና መድረሳቸውን ከሚያሳየው መረጃ ጋር፣ የተሸጡት ዕቃዎች የግዢ ኢንቮይስ እና በስምዎ ያለ የባንክ ሂሳብ መግለጫ ነው። በአካውንቱ ላይ ያለው ስም ከባንክ ሂሳቡ ስም በአንድ ፊደል ቢለይ ክፍያው በመንገድ ላይ ሊመለስ ይችላል። ጉዳዩ ሦስተኛው ዓይነት ከሆነ ከሁሉ በላይ የሚመዝነው ኢንቮይሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ እገዳው ላይ እያሉ ለገዢዎች መልስ መስጠት አያቁሙ። ሻጩ ዝም ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ገዢው ነው፤ ገዢው ያሸነፈበት እያንዳንዱ ጥያቄ የሚከፈለው ከዚያው ከተያዘው ገንዘብ ነው።

ጥያቄ፦ የምሸጠው ዕቃ ኦሪጅናል መሆኑን እንዳረጋግጥ ኢንቮይስ ተጠየቅሁ። ያለኝን ሁሉ ላክሁ፤ «ማረጋገጥ አልቻልንም» አሉኝ። ዕቃዬ ግን እውነተኛ ነው።

መልስ፦ የዕቃዎን እውነተኛነት ማንም እየመረመረ አይደለም፤ የሚመረመረው ወረቀቱ ነው። አማዞን የሚጠይቀው ባለፉት 365 ቀናት ውስጥ የተቆረጠ ኢንቮይስ ነው፤ በላዩ የአቅራቢው ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና ድረ ገጽ፣ የእርስዎ ስምና አድራሻ አካውንቱ ላይ እንዳለው ሆኖ፣ የዕቃው መለያና ብዛት መኖር አለበት። ዋጋውን መሸፈን ይፈቀዳል። ሌላ ምንም ነገር መነካት የለበትም።

ውድቅ የሚያደርጉት ነገሮች የታወቁ ናቸው። የችርቻሮ ሱቅ ደረሰኝ፣ የትዕዛዝ ማረጋገጫ ኢሜይልና ፕሮፎርማ እንደ ኢንቮይስ አይቆጠሩም። ብዛት ሳይገጥም ይቀራል፤ 140 ፍሬ ተሽጦ ኢንቮይሱ 60 ካለ የቀረው 80 ከየት መጣ? የበርካታ ወራት ኢንቮይሶችን ደምሮ ማሳየት ያስፈልጋል። ኢንቮይሱ በግል ስም ሆኖ አካውንቱ በድርጅት ስም የሚሆንበትም ጊዜ አለ። መርማሪው ለአቅራቢው ስልክ ሊደውል ስለሚችል ቀድመው ያሳውቁት፤ «አላውቀውም» የሚል የሽያጭ ሠራተኛ ጥሩ ኢንቮይስን ገደል ይከተዋል።

ስሙን ወይም ቀኑን በኮምፒውተር «ማስተካከል» የሚያስብ ካለ ይተወው። የፒዲኤፍ ፋይል መቼና በምን እንደተነካ በውስጡ ሊያስቀር ይችላል። ያልተሟላ ወረቀት ጥያቄ ያስነሳል፤ የተቀየረ ወረቀት ግን አካውንቱንም ገንዘቡንም በአንድ ጊዜ ወደ ማጭበርበር መዝገብ ያሻግራል። ስህተት ያለበትን ኢንቮይስ አቅራቢው ራሱ አርሞ በራሱ ኢሜይል እንዲልክ ማድረግ ነው።

ዕቃውን ከሱቅ በቅናሽ ገዝተው የሚሸጡ ከሆነ ኢንቮይሱ መጀመሪያም የለም። ያን ጊዜ የሚያዋጣው መንገድ ጥፋትን ማመን ነው፦ ከየት እንደገዙ መግለጽ፣ ዕቃዎቹን ከሽያጭ ገጹ ማንሳት፣ የቀረውን ዕቃ ከመጋዘን ማስወጣት፣ ከዚህ በኋላ ከተፈቀደለት አከፋፋይ እንደሚገዙ በውል ቅጂ ማሳየት። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ከሌሎቹ መንገዶች ግን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ምንም ጥፋት ሳይኖርብኝ «ከሌላ የታገደ አካውንት ጋር ግንኙነት አለዎት» ተብዬ ታገድኩ። ወንድሜ ከዓመት በፊት አካውንቱ ተዘግቶበት ነበር። አዲስ ልክፈት?

መልስ፦ አዲስ አይክፈቱ። ሁለተኛው ይዘጋል፣ የመጀመሪያውም ይግባኝ ይበላሻል። ግንኙነት የሚቆጠረው በጋራ ኢንተርኔት መስመር፣ በአንድ ኮምፒውተር፣ በባንክ ካርድ፣ በስልክ ቁጥር፣ በአድራሻ ወይም ለሁለቱም ሱቅ በሚሠራ የርቀት ሠራተኛ ነው። የወንድምዎ አካውንት ቢከፈት የእርስዎም ሊከፈት ስለሚችል መጀመሪያ የእሱን ይግባኝ መጨረስ ብዙ ጊዜ አጭሩ መንገድ ነው። እሱ ካልተቻለ ንግዱ የተለየ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ያቅርቡ፦ የየራሳችሁ ንግድ ፈቃድ፣ የባንክ ሂሳብ፣ የግብር መለያ ቁጥር። አንድ ቤት መኖራችሁን አይካዱ፤ አድራሻው እነሱ ዘንድ አለ።

ጥያቄ፦ «ውስጥ ሰው አለን፣ በ48 ሰዓት እናስከፍታለን» የሚሉ ሰዎች አሉ። ግማሹን ክፍያ አስቀድመው ነው የሚጠይቁት። ልሞክር?

መልስ፦ አይሞክሩ። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሲያትል ውስጥ በስድስት ሰዎች ላይ ክስ መሥርቷል፤ ክሱ የአማዞን ሠራተኞችን ከ100,000 ዶላር በላይ ጉቦ በመስጠት የታገዱ አካውንቶችንና ዕቃዎችን አስከፍተዋል የሚል ነበር። እንዲህ ባለ መንገድ የተከፈተ አካውንት ሲደረስበት እንደገና ይዘጋል፤ ያን ጊዜ የይግባኙ ርዕስ ጉቦ ይሆናል። «ውስጥ ሰው» ከሌላቸው ደግሞ ተራ ሌቦች ናቸው። ይግባኝ በመጻፍ የሚረዳ ሐቀኛ አማካሪ አለ፤ እሱ ግን ፓስወርድዎንም በስልክ የሚመጣውን ኮድም አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ፎቶዬን ሰርቀሃል የሚል የቅጂ መብት ክስ ቀርቦብኝ ሱቄ ታገደ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከሳሹን አላውቀውም።

መልስ፦ የአሜሪካ ዲጂታል የቅጂ መብት ሕግ፣ በአጭሩ ዲኤምሲኤ፣ ለዚህ በር አለው፤ የተቃውሞ ማስታወቂያ ይባላል። በውስጡ ከገጹ የወረደው ፎቶ ምን እንደሆነና የት እንደነበረ፣ በስህተት እንደወረደ የሚያምኑ መሆኑን በሐሰት ምስክርነት ቅጣት ሥር የሚገልጽ ቃል፣ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ ፊርማ፣ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመዳኘት መስማማትዎ ይገባል። ከሳሹ ፍርድ ቤት ክስ ካልመሠረተ ገበያው ፎቶውን ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ውስጥ ይመልሰዋል። የፎቶውን ዋና ፋይል ከካሜራው እንደወጣ ያስቀምጡ። ይህን ወረቀት ሲፈርሙ አድራሻዎ ለከሳሹ እንደሚደርስ ግን ይወቁ።

ክሱ የንግድ ምልክት ወይም የፓተንት (የፈጠራ መብት) ከሆነ ይህ በር አይሠራም። እዚያ የሚያዋጣው ከሳሹ ራሱ ክሱን እንዲያነሳ ማድረግ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ኢሜይሉ አለ። አጭርና ጨዋ ደብዳቤ ይጻፉለት፣ ኢንቮይስ ያያይዙ፣ ክሱን ማንሳቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ክሱን ባቀረበበት ኢሜይል ከነመለያ ቁጥሩ እንዲልክ ይጠይቁ። ማስፈራራት ግን ክሱን ያጸናዋል።

ጥያቄ፦ ገበያው ዝም ካለ ከሱ ውጭ የሚያግዝ ሕግ አለ?

መልስ፦ እንደሚኖሩበትና እንደሚሸጡበት ቦታ ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ተቋቁመው ለኅብረቱ ሸማቾች ለሚሸጡ ነጋዴዎች ከሐምሌ 12፣ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ደንብ 2019/1150 አለ። አካውንት ሲታገድ ምክንያቱ በጽሑፍ ከእገዳው በፊት ወይም በዚያው ጊዜ መሰጠት አለበት፤ ጨርሶ ሲዘጋ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ትልልቅ ገበያዎች የውስጥ ቅሬታ ሰሚ እንዲኖራቸውና በውላቸው ላይ አስታራቂዎችን በስም እንዲጠቅሱ ይገደዳሉ። ከየካቲት 17፣ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚሠራው የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግም አለ፤ አካውንትን ማገድ ብቻ ሳይሆን ክፍያን መያዝም ምክንያቱ እንዲገለጽ ያዛል። ይግባኝ ሲጽፉ የደንቡን ቁጥር መጥቀስ ደብዳቤዎን ከጠቅላላው ወረፋ ወደ ሕግ ክፍል ሊያሻግረው ይችላል።

በአሜሪካ ከሰኔ 27፣ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ኢንፎርም የሚባለው ሕግ ግን ለሻጭ ጋሻ ሳይሆን ግዴታ ነው። በተከታታይ 12 ወር 200 አዲስ ዕቃ ሸጦ 5,000 ዶላር ያስገባ ሻጭ የባንክ፣ የግብርና የመገናኛ መረጃውን በ10 ቀን ውስጥ ለገበያው መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ ገበያው አካውንቱን እንዲያግድ ሕጉ ያዘዋል። «ያለ ምክንያት ታገድኩ» ከሚሉ ሻጮች አንዳንዶቹ ይህን ኢሜይል ማስታወቂያ መስሏቸው ያለፉት ናቸው።

ጥያቄ፦ 300 ዕቃ የገበያው መጋዘን ውስጥ አለኝ። አካውንቱ እስኪከፈት ልተወው?

መልስ፦ የመጋዘን ክፍያው አይቆምም፤ የሚቆረጠውም ከተያዘው ባላንስ ነው። በመዝጊያ ማስታወቂያው ላይ ዕቃ የማውጫ ቀነ ገደብ ካለ እሱ ካለፈ ዕቃው ሊወገድ ይችላል። የእውነተኛነት ጥያቄ ያለበትን ዕቃ ማውጣት ላይፈቀድ ይችላል፤ የቀረውን ግን ዛሬ የማውጫ ትዕዛዝ ይስጡበት። ትዕዛዙን ከመስጠትዎ በፊት የዕቃ ክምችት ሪፖርቱን አውርደው ያስቀምጡ። 300 ልከው 280 ቢመለስ ስለ 20ው የሚከራከሩት በዚያ ፋይል ነው፤ አካውንቱ ከተቆለፈ በኋላ አያገኙትም።